ስሙ የማን ነው? ስለ ፎርጅድ ሰንጢና ስለ ማስመሰል

ባለፈው የአረፋ ዕለት፣ ደሴ እህቴ ግቢ፣ የበጉ ገፈፋ ሳያልቅ የእህቴ ልጅ ጮኸ። በተጣጣፊ ሰንጢ የበጉን እግር ከመገጣጠሚያው ሊለይ ሲታገል ጫፉ አጥንት መሃል ተሰነቀረበት። ለማላቀቅ ወደ ላይ ሲያነሳው ሰንጢው ቀጭ ብሎ ታጠፈና ስለቱ ሌባ ጣቱ ላይ ተዘጋ። አራት ቦታ ተሰፋ። ቁስሉ ድኗል፤ የጣቱ ጫፍ ግን እስካሁን እንደደነዘዘ ነው።

ያንን ሰንጢ የገዛሁለት እኔ ነኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ከአንድ ተዘዋዋሪ ሻጭ በ1,200 ብር። "ኦሪጅናል ነው ጋሼ፣ የአሜሪካ ነው፣ ወላሂ" ብሎኝ ነበር። ስለቱ ላይ የሸረሪት ምልክት አለው፤ ካርቶኑም፣ ውስጡ የታጠፈችው ወረቀትም አልጎደለም። ልጁ ሲሰፋ በር ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ብራንድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ አልለቅ አለኝ፤ ሳነብ፣ ስጠይቅ፣ የሚያውቁ ሰዎችን ሳስቸግር ከረምኩ። የገባኝን እንደገባኝ ላስረዳ።

መስከረም ላይ ከዴንቨር የመጣ ዘመዳችን ታሪኩን ሲሰማ እጁን ኪሱ ከተተና የራሱን አወጣ። ያው ሰንጢ! ስፓይደርኮ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው፣ "ፓራሚሊተሪ 2" የሚሉት ዓይነት። የኔንም አስመጣሁና ረከቦቱ አጠገብ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ጥቁር እጀታ፣ ስለቱ ላይ አውራ ጣት የምታስገባበት ክብ ቀዳዳ፣ ሸረሪቱ፣ "ጎልደን፣ ኮሎራዶ፣ ዩኤስኤ፣ ኧርዝ" የሚለው ጽሑፍ፣ በሌላው ጎን "ሲፒኤም ኤስ30ቪ" የሚለው የብረቱ ስም። ፊደሉ እንኳ አንድ ነው። ቡና የምታፈላው እህቴ "ታዲያ ምኑ ነው ልዩነቱ?" አለች። ዘመዳችን መልስ አልሰጣትም፤ ሁለቱንም ሰጣትና "ክፈቻቸው" አላት። የእሱ ቅቤ እንደተቀባ ተንሸራቶ ተከፈተ። የኔ መሃል ላይ እየያዘ፣ አሸዋ እንደገባበት ማጠፊያ እየተንኳኳ ተከፈተ። ከዚያ ሁለቱን ከፍቶ በስልኩ መብራት ጀርባቸውን አሳየን። የእሱ መቆለፊያ ምላስ በሙሉ ስፋቷ ስለቱ ቂጥ ስር ገብታ ተቀምጣለች። የኔዋ የነካችው በአንድ ጥግዋ ብቻ ነው፤ በጥፍር ጫፍ የምትሸፈን ቦታ። የእህቴ ልጅ ጣት ያረፈው በዚያች ቦታ እምነት ላይ ነበር።

ተጣጣፊ ሰንጢ ማለት ሆን ተብሎ መሃሉ የተሰበረ ቢላ ነው። ጥበቡ ሁሉ ያለው፣ ሲከፈት እንዳልተሰበረ ሆኖ እንዲሠራ ማድረጉ ላይ ነው። ማጠፊያው ሳይላላ መዞር አለበት፤ መቆለፊያው በየቀኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ሳይበላ አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት። ምላሷ የምታርፍበት ገጽ ጋደል ማለቱ በትንሽ ካነሰ ትጣበቃለች፣ በትንሽ ከበዛ ትንሸራተታለች። ይህ ትንሽ የሚለካው ከፀጉር በሚቀጥን ልክ ነው። አስመሳይ ፋብሪካ የሰንጢውን መልክ ከፎቶ ሊወስድ ይችላል። ይህችን ልክ ግን ፎቶ አያሳይም፤ በየአንዳንዱ ሰንጢ ላይ እየፈተሹ፣ የተበላሸውን እየጣሉ ብቻ ነው የምትገኘው። መጣል ደግሞ ገንዘብ ነው። ፎርጅዱ የረከሰው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፦ መጣል የነበረበት ሰንጢ ሳይጣል ይሸጣል።

ብረቱም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ኤስ30ቪ የሚባለው ብረት ክሩሲብል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ነው፤ 1.45 በመቶ ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮሚየም፣ 4 በመቶ ቫናዲየም፣ 2 በመቶ ሞሊብዲነም አለው። ይህን ያህል ቫናዲየምና ካርቦን ያለው ብረት እንደ ተራ ብረት ቀልጦ ቢፈስ፣ ሲቀዘቅዝ ጠጣሮቹ ቅንጣቶች እንደ ጓጎለ ሽሮ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ስለቱም በጓጎለበት በኩል ይሸረፋል። ስለዚህ የቀለጠውን ብረት በጋዝ ግፊት ይረጩትና ዱቄት ያደርጉታል፤ ዱቄቱን ደግሞ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት መልሰው አንድ ያደርጉታል። ጉጉል የሌለው ሽሮ። ርካሹ ዝገት አልባ ብረት ካርቦኑ 0.3 በመቶ ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ሽንኩርት ይቆርጣል፣ ሳይቆይ ግን ይዶለዱማል። ጥፋቱ ርካሹ ብረት ላይ አይደለም። ጥፋቱ ርካሹ ላይ የውዱን ስም ማተሙ ነው።

እንግዲህ "ኮፒ ነው" ስንል ምን ማለታችን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ባንድ ጆንያ ይከታል። አንደኛው ዘዴውን መውሰድ ነው። ሁለተኛው መልኩን መውሰድ ነው። ሦስተኛው ስሙን መውሰድ ነው። ሕጉም ሥነ ምግባሩም እነዚህን ለያይቶ ነው የሚያየው፤ እኔም ለያይቼ ካላየኋቸው ጉዳዩ ሊገባኝ አልቻለም።

ከዘዴው እንጀምር። ማይክል ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ሰንጢ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ እጀታው ውስጥ ያለች ቀጭን ላሜራ እንደ ስፕሪንግ ወደ ጎን ተገፍታ ስለቱን የምትደግፍበትን መቆለፊያ ዛሬ በሚታወቅበት መልክ ሠራ። ክሪስ ሪቭ የሚባለው ደቡብ አፍሪካዊ ያንን ሐሳብ ወስዶ አንድ እርምጃ አሳደገው፦ ለብቻዋ ላሜራ ከማስገባት የቲታንየሙ እጀታ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ መቆለፊያ እንዲሆን አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ፣ አይዳሆ ግዛት ቦይዚ ከተማ ገባ፤ በኋላም "ሰበንዛ" የተባለውን ሰንጢ አወጣ፤ ቃሉ በዙሉ ቋንቋ "ሥራ" ማለት ነው። ዛሬ ከ400 ዶላር በላይ ይሸጣል። ሪቭ መቆለፊያውን ፓተንት አላስደረገውም። ስለዚህ ዛሬ በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰንጢ በዚያ መቆለፊያ ይሠራል፣ ማንም ሌባ አይባልም። ሠሪዎቹ ግን "ይህ የሪቭ ሐሳብ ነው" ማለትን አልተዉም። ይህ ነገር ልቤን ይነካኛል። ሰውየው ሐሳቡን ለሙያው ሰጠ፤ ሙያው ስሙን ጠበቀለት።

ፓተንት ሲኖርስ? ፓተንት ከመንግሥት ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው፦ ፈጣሪው ምስጢሩን በይፋ ይጽፋል፣ በምላሹ ለተወሰነ ዓመት ብቻውን ይሠራበታል፣ ዘመኑ ሲያልቅ ሐሳቡ የሁሉም ይሆናል። ስፓይደርኮ እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያ ሰንጢውን ሲያወጣ፣ ስለቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ በአንድ እጅ ለመክፈት የተፈጠረ ዘዴ ነበር፤ ፓተንትም ነበረው። ፓተንቱ ዘመኑ አልፏል። ሆኖም ኩባንያው ክብ ቀዳዳውን በንግድ ምልክትነትም አስመዝግቦታል፤ ሰው ቀዳዳውን ሲያይ ያንን ቤት ስለሚያስብ። የንግድ ምልክት እስከታደሰ ድረስ አያልቅም። ስለዚህ ሌላው ሠሪ በአውራ ጣት የሚከፈት ሰንጢ እንደ ልቡ ሊሠራ ይችላል፤ ቀዳዳውን ሞላላ ወይም ሌላ ቅርጽ ያደርገዋል እንጂ ክብ አያደርገውም፣ ክብ ማድረግ ከፈለገ ይጠይቃል። ጠይቀው ፈቃድ አግኝተው የሠሩም አሉ።

ለኛ ለወሎዎች ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። አምባሰልን፣ ባቲን፣ አንቺ ሆዬን፣ ትዝታን የፈለገ ሰው ይጫወታቸዋል። ቅኝቱ የማንም አይደለም፤ የተማረ ሁሉ ማሲንቆውን ቃኝቶ ይገባበታል፣ ካልኮረጀም አይማርም። ልጅ አዝማሪ ሆኖ የአዋቂውን ድምፅ አወጣጥ ያልቀዳ ማን አለ? ግን የካሴት ዘመንን የምታስታውሱ አስቡት፦ ሽፋኑ ላይ የምትወዱት ዘፋኝ ፎቶ ተለጥፎ፣ ቤት ገብታችሁ ስታስገቡት ሌላ ሰው ቢዘፍን። ያኛው ሰው ባቲን መዝፈኑ ማንንም አልበደለም። ሽፋኑ ነው የበደለው። ከፍሎ የወሰደውን አድማጭ ዋሽቷል፣ ፎቶው የተለጠፈውን ዘፋኝ ዘርፏል፣ የገዛ ድምፁንም ቀብሯል።

በአገራችን ሕግ ፓተንትና የኢንዱስትሪ ንድፍ የሚገዙት በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ፓተንት 15 ዓመት ይቆያል፣ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ንድፍ፣ ማለትም የዕቃው መልክ፣ መጀመሪያ 5 ዓመት ይጠበቃል፣ ከዚያ ይታደሳል። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት 7 ዓመት ይቆይና በየ7 ዓመቱ እየታደሰ ይቀጥላል። መዝጋቢው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። እነዚህ መብቶች የአገር ድንበር አላቸው፤ አሜሪካ የተመዘገበ ፓተንት በራሱ ደሴ ድረስ አይመጣም። አንዳንድ ነጋዴ ይህን ይዞ "እዚህ ያልተመዘገበ ምን አገባን" ይላል። ግን ሸማቹን መዋሸት ሌላ ጥያቄ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃው ምንነትና አመጣጥ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መረጃ መስጠትን ይከለክላል። የእኔን 1,200 ብር የወሰደው ሰው የኮሎራዶውን ኩባንያ ከመበደሉ በፊት እኔን በድሏል።

የሌላውን ስም ማተም በስለት ሙያ ውስጥ የቆየ በሽታ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሼፊልድ ቢላ ሠሪዎች ማኅበር በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1624 ነው፤ ዋና ሥራው ለየሠሪው የየራሱን ማኅተም መስጠትና ማስጠበቅ ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ የጀርመኗ ሶሊንገን ከተማ ሠሪዎች በርካሽ ብረት ላይ "ሼፊልድ" እያተሙ ይሸጣሉ የሚል ክስ ተነሣ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1887 ሕግ አወጣ፦ የእንግሊዝ ሠሪ ስም ወይም ምልክት ይዞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ትክክለኛ የትውልድ ቦታው ይጻፍበት። "በጀርመን የተሠራ" የሚለው ጽሑፍ ለውርደት ታስቦ የመጣ ነው። ሶሊንገኖች ምን አደረጉ? በራሳቸው ስም የሚያኮራ ቢላ መሥራት ጀመሩ። በ1938 ራሷ ጀርመን "ሶሊንገን" የሚለውን ስም በሕግ መጠበቅ ግድ ሆነባት፤ አሁን አስመሳዮቹ የሚያትሙት የእነሱን ስም ነበርና። ይህን ሳነብ ብዙ አሰብኩ። መኮረጅ እንደ ትምህርት ቤት ነው፤ ሶሊንገን ከትምህርት ቤቱ የወጣችው የራሷን ስም መጻፍ የጀመረች ቀን ነው።

ሌላው ታሪክ ደግሞ ይብስብኛል። ፈረንሳይ ውስጥ ላዮል የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ ስፕሪንጉ ላይ ንብ የተቀረጸበት ቀጭን ሰንጢ ስሟን ይዞ ዓለምን ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1993 የመንደሩ ተወላጅ ያልሆነ አንድ ነጋዴ የመንደሩን ስም ለብዙ ዓይነት ዕቃ በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ፤ ከውጭ ያስመጣውን ዕቃም በዚያ ስም ሸጠ። በ2012 ፍርድ ቤት በመንደሯ ላይ ሲፈርድባት ነዋሪዎቹ ወጥተው የመንደራቸውን ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ነቀሉት። ስማችን የኛ ካልሆነ ምን ያደርጋል ብለው። በ2019 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ይህ ስሜት ለኢትዮጵያዊ ሩቅ አይደለም፤ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞቻችንን አሜሪካ ለማስመዝገብ መንግሥታችን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ምን ያህል እንደታገለ እናስታውሳለን። የኛ ስም ሲወሰድ እንጮሃለን። ታዲያ የሌላው ስም የታተመበትን ሰንጢ ስንገዛ ያ ጩኸት የት ይገባል?

"የቻይና ነው" የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ ያሳስተናል። ጓንግዶንግ ግዛት ያለችው ያንግጂያንግ ከተማ የቻይና የቢላ ዋና ከተማ ናት፤ ፎርጅድ ሰንጢ ከቻይና ፋብሪካዎች እንደሚወጣ ሁሉ፣ በዓለም ከተከበሩት ሰንጢዎች አንዳንዶቹም በራሳቸው ስም ከቻይና ይወጣሉ። ስፓይደርኮ ራሱ ከኮሎራዶ ሌላ በጃፓን፣ በጣሊያን፣ በታይዋንና በቻይና ያሠራል፤ የት እንደተሠራም ስለቱ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ጥያቄው የየት አገር እጅ ሠራው የሚል አይደለም። እውነቱ ተጽፎበታል ወይ ነው። በፎርጅድ የመጀመሪያው ተጎጂም፣ በራሱ ስም ለመቆም የሚታገለው ያው ቻይናዊ ሠሪ ይመስለኛል።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ላይ ደረስን፣ እኔም ብዙ ያመነታሁበት። ሸረሪቱም ስሙም የሌለበት፣ መልኩ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሌላው የሆነ ሰንጢስ? ሻጩ "ኦሪጅናል" አይልም፣ "እሱን የሚመስል ነው" ይላል። ገዢው አልተዋሸም። ንድፉ ያልተመዘገበ ወይም ዘመኑ ያለፈበት ከሆነ ሕግም ዝም ሊል ይችላል። አንዳንዱ "ታዲያ ምን ጥፋት አለው?" ይላል። እኔ ጥፋት አለው እላለሁ፤ ግን ከሐሰተኛ ማኅተም ጋር እኩል አላደርገውም። ንድፍ ማለት እጀታው መዳፍ ላይ የት እንዲያርፍ፣ ጣት የት እንዲቆም፣ ስለቱ በምን ያህል እንዲሾል አንድ ሰው ዓመታት የሞከረበት፣ የጣለበት፣ እንደገና የሠራበት ድካም ነው። ታላላቆቹ ኩባንያዎች የሌላ ሰው ንድፍ ሲሠሩ ለንድፉ ባለቤት ከየሰንጢው ድርሻ ይከፍላሉ፣ ስሙንም ይጠራሉ። የሌላውን ድካም እንዳለ ገልብጦ ያለ ስም፣ ያለ ክፍያ መሸጥ፣ ፍርድ ቤት ባያስቀርብም ያሳፍራል። ከሐሳቡ ተምሮ አንድ ነገር ለውጦ፣ አንድ ነገር ጨምሮ የሠራው ግን ሙያውን እያሳደገ ነው። ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ ሁልጊዜ በገመድ አይለካም። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሠሪው ከማን እንደተማረ በአደባባይ ለመናገር ይደፍራል?

በራሳችን ምድር ያለ ምሳሌ ልጨምር። መቅደላ አምባ ላይ ዛሬም የተኛው ሴባስቶፖል፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ፣ የውጭውን ጥበብ በመኮረጅ የተሠራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ባለሙያዎች ያስጨነቋቸው፣ እነሱም ሞክረው ከሽፎባቸው ደግመው የሞከሩት፣ የሌላውን ዕውቀት የራስ ለማድረግ ነበር። ያን የመሰለ መኮረጅ ያኮራል።

ሁለት ክርክር ደጋግሞ ገጥሞኛል። አንዱ "ሀብታም ኩባንያ ነው፣ ምን ይጎዳል?" የሚለው ነው። ብዙዎቹ የሰንጢ ኩባንያዎች እንደ መኪና ፋብሪካ ግዙፍ አይደሉም፤ የክሪስ ሪቭ ቤት በባልና ሚስት የተጀመረ ነው። ደግሞም ሀብታምን መስረቅ ስርቆት መሆኑ አይቀርም። ሁለተኛው ክርክር ከባድ ነው፦ "እኔ ያን ያህል ዶላር ከየት አመጣለሁ?" እውነት ነው። የ400 ዶላር ሰንጢ ከብዙ ሰው የወር ደመወዝ በላይ ነው፤ ድሃ ጥሩ ዕቃ መመኘቱን አልወቅስም። ግን ፎርጅዱ የድሃውን ችግር አይፈታም። ርካሽ ሆኖ ሐቀኛ የሆነ ሰንጢ በዓለም ሞልቷል። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 ሳቮዋ ውስጥ የጀመረው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገዛል፤ ከ1955 ጀምሮ አንገቱ ላይ የምትዞር ቀለበት ትቆልፈዋለች፣ ጣትን አትከዳም። 1,200 ብሬ የተከፈለው ለብረት ሳይሆን ለሸረሪት ሥዕል ነው። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" የሚለው የአያቶቻችን ቃል ስለ ጌጥ የተባለ ይመስለኝ ነበር፤ የሰው ወርቅ ጣትም ይቆርጣል።

እያወቀ የሚገዛውስ? "ፎርጅድ መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔ ማንንም አላታለልኩም" ይላል። ሰንጢው ግን በእሱ እጅ አያበቃም። ነገ ለሌላ ይሸጠዋል፣ ያውሰዋል፣ ልጁ ይወርሰዋል፤ ሸረሪቱ ግን መዋሸቱን አያቆምም። ወሎ ላይ ባንድ ግቢ ያለ ሰው መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ይሰማል፣ ሁለቱም ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። አንዱ ወገን አባይ ሚዛንን ያወግዛል። በሌላው ወገን ነቢዩ ገበያ ላይ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከተው ከላዩ ደረቅ፣ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙበት ነጋዴ ታሪክ አለ፤ እርጥቡን ከላይ አድርገህ ሰው እንዲያየው ለምን አላደረግህም ብለው ገሠጹት። እህሉን መሸጥ አልከለከሉትም። እርጥቡን መደበቁን ነው። እኔ ስለ ፎርጅድ ሰንጢ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማብራሪያ አላገኘሁም።

መግዛት ለምትፈልጉ የሚሆን ጥቂት ነገር። ዋጋው ከእውነተኛው አንድ አሥረኛ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ቲታንየም ነው የተባለ እጀታ ማግኔት ከሳበው ቲታንየም አይደለም። የፊደሎቹን ጠርዝ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ፣ ማጠፊያው ላይ ያለው ቡሎን መሃል መቀመጡን እዩ። ከፍታችሁ ስለቱን ወደ ግራና ቀኝ ወዝውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ተዉት። መቆለፊያዋ ምን ያህል እንደገባች ጀርባውን በመብራት ተመልከቱ። ካርቶንና ወረቀት ምስክር አይሆኑም፣ እነሱን ማተም ከሁሉ ይቀላል። እነዚህን ሁሉ የሚያልፍ ፎርጅድም እየመጣ ስለሆነ፣ ትልቁ መተማመኛ ከማን እንደገዛችሁ ማወቃችሁ ነው፤ ነገ ተመልሳችሁ የምታገኙት ሰው።

እኔ ተመልሼ ሻጩን አላገኘሁትም። ሰንጢውን መጣል ደግሞ አቃተኝ፤ ሌላ ልጅ አንስቶት ጣቱን እንዳያጣ ፈራሁ። ስለዚህ በኩታበር መንገድ ወጣ ብሎ ወዳለ ባለእጅ ወሰድኩት። ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ይሠራል፤ ልጁ ወናፍ ይነፋል። እዚህ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እነዚህን ሰዎች ለስንት ዘመን "ቡዳ" እያልን፣ ከምንበላበት ማዕድ እያራቅን፣ የሠሩትን ቢላ ግን እየያዝን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር ሰዶ ስለነበር ነው። እኔ በሠፈሬ ያየሁት ቢላ ሁሉ የሠሪው ስም የለበትም። ስሙን የሚሰድቡበት ሰው ምን ብሎ ስሙን ብረት ላይ ይጽፋል? ኮሎራዶ ያለ ሰው ማኅተም ላይ ገንዘባችንን የምናፈሰው፣ የጎረቤታችን ማኅተም እንዳይኖር ያደረግነው እኛው ነን።

ሽማግሌው ሰንጢውን ተቀብለው ስለቱን ከፈቱት፣ ከቂጡ በኩል በማይታየው ጥግ ላይ ሞረድ አሳረፉበት። ሞረዱ ነከሰው። በደንብ የተጠበሰና የጠነከረ ስለት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል እንጂ እንዲህ አይነክስም። "ይኸ እኮ አልተጠበሰም ልጄ" አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን ቢላ አንስተው ያንኑ ሞረድ ስለቱ ላይ አስኬዱት፤ እየጮኸ ተንሸራተተ። ስለ ሸረሪቱና ስለ ኮሎራዶው ስነግራቸው በዝምታ ሰሙኝ፣ ስለ ልጁ ጣት ስነግራቸው ግን ሥራቸውን አቁመው "አይዞት፣ አይዞት" አሉ።

እንዳይታጠፍ ማጠፊያውን በብየዳ እንዲዘጉልኝ፣ የሸረሪቱንም ምልክት እንዲያጠፉልኝ ለመንኳቸው። ብየዳውን አጠገባቸው ያለ ወርክሾፕ ሠራው፤ ምልክቱን እሳቸው በሞረድ እያረፉ ፈገፈጉት። ብረቱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ "እዚህ ላይ የእርስዎን ምልክት ያድርጉበት፣ ማስታወሻ ይሁነኝ" አልኳቸው። ሰንጢውን መለሱልኝ።

"እኔ ያልሠራሁትን?" አሉ። ሃምሳ ብር ተቀበሉኝ።